ንጹሕ የተባለ ሳንባ

በወረዳችን ሆስፒታል ደም ሥር በማግኘት ኡርኩያን የሚያክላት አልነበረም። ደም ሥራቸው የጠፋ አሮጊቶች፣ ክንዳቸው የወፈረ የስኳር በሽተኞች፣ የሦስት ቀን ጨቅላ ሕፃናት ሁሉ ለእሷ እኩል ነበሩ። ላስቲኩን ታስራለች፤ በሌባ ጣቷ ሁለቴ ትነካለች፤ ከዚያ ዓይኗን ወደ መስኮቱ መልሳ መርፌውን ታስገባለች። ሌላዋ ነርስ ሦስት ጊዜ ወግታ ካልሆነላት በሽተኛው ራሱ «ኡርኩያን ጥሩልኝ» ይላል። ማንም አይቀየምም ነበር።

እኔ የውስጥ ደዌ ክፍል ዋና ነርስ ነኝ። ሃያ ሰባት ዓመት ሠርቻለሁ። የሥራ ተራ የማወጣው፣ አንሶላና ጓንት የማድለው እኔ ነኝ። ስለዚህ ስለ ኡርኩያ የምጽፈው ከሰው የሰማሁትን አይደለም። በጥፋቱ የእኔም ድርሻ አለበት።

ወረርሽኙ ከቢሽኬክ ተራራውን ተሻግሮ እኛ ጋ የደረሰው በሐምሌ መጀመሪያ ነው። በአንድ ሳምንት ውስጥ ሁለተኛው ፎቅ ተዘጋና ቀዩ ክፍል ተባለ። የገባች ነርስ አሥራ አራት ቀን አትወጣም። የምታድረው በትምህርት ቤቱ ማደሪያ ነው፤ ቤተሰቧን የምታየው በአጥር በኩል ነው። ከበላይ አንድ ደብዳቤ መጣልን፦ ዕድሜያቸው ከስልሳ በላይ የሆነ፣ እርጉዞች፣ የልብ፣ የኩላሊት፣ የሳንባ ወይም የስኳር ሕመም ያለባቸው ሠራተኞች ቀዩ ክፍል አይገቡም፤ ማመልከቻ ያስገቡ፤ የሕክምና ቦርድ አይቶ ይወስን ይላል።

በመጀመሪያው ቀን ሦስት ሰው አመለከተ። አንዷ ስኳር ነበረባት፤ አንዷ የስድስት ወር እርጉዝ ናት። ሦስተኛዋ ግፊት አለብኝ አለች፤ ብንለካት ከእኔ የተሻለ ሆነ። ሁላችንም ሳቅን፤ እሷም እየሳቀች ማመልከቻዋን ቀደደችው። ኡርኩያ አላመለከተችም። ደስ አለኝ። ለመጀመሪያው ዙር ስሟን ከላይ ጻፍኩት፤ እዚያ ውስጥ የሚያስፈልገን እጅ የእሷ ነበር።

ዓርብ ዕለት አንሶላ ክፍል መጣችብኝ።

«ካሊፓ ኤጄ፣ እኔን ታች ቢተዉኝ» አለች። እኛ ታላቅ እህትን ኤጄ ነው የምንለው፤ እሷ ግን ቃሉን ስታወጣው ሁልጊዜ በጥንቃቄ ነው።

«ታች የት?»

«የልጆች ክፍል፣ ድንገተኛ፣ የትም። ልብስ ማጠቢያም ቢሆን ግድ የለኝም።»

«ምን ሆንሽ?»

«ሳንባዬ ብዙም ደህና አይደለም።»

«ዘንድሮ የማን ሳንባ ደህና ነው?» አልኳት። ቀልዴ ነበር። እጄ ላይ አርባ አንሶላ ነበር፤ ከመካከሉ የተቀደደ ስንት እንደሆነ እየቆጠርኩ ነበር።

ዝም ብላ ቆመች። እኛ ጋ ምራት የሆነች ሴት ዝም ስትል ጨዋነት ነው ይባላል፤ እኔም እንደዚያ ወሰድኩት። ዛሬ ሳስበው ቀጥሎ የሚመጣውን ጥያቄ እየጠበቀች ነበር። አንድ ጊዜ ብቻ «ሳንባሽ ምን ሆኖ ነው?» ብላት ኖሮ ትናገር ነበር ብዬ አምናለሁ። እኔ አልጠየቅኩም። «እሺ ኤጄ» አለችና የቀሩትን አንሶላዎች አብራኝ አጥፋ ሄደች።

በማግስቱ ማመልከቻ አስገባች። የጽሑፍዋ ማማር የታወቀ ነው። በምክንያት ቦታ ላይ «በቤተሰብ ጉዳይ» ብላ ጽፋለች።

ዋና ሐኪማችን ሱዩንቤክ አንድ ልማድ ነበረው። የተፈረመ ወረቀት ሁሉ በጠዋቱ ስብሰባ ጮክ ብሎ ይነበባል። ለእገሊት አደላ እንዳይባል ብሎ የጀመረው ነው፤ ለዓመት ፈቃድና ለተራ ለውጥ ጥሩ ሆኖ ቆይቷል። ለበሽታ ግን እንዴት ያለ ክፉ ልማድ እንደሆነ ከዚያ በፊት ማናችንም ልብ አላልነውም። በዚያ ሰሞን የምንሰበሰበው ግቢው ውስጥ ከረጃጅሞቹ ዛፎች ሥር ነበር፤ ማስክ አድርገን፣ ተራርቀን። በመራራቃችን የተነሳ ሱዩንቤክ ከወትሮው ይልቅ ይጮኽ ነበር። የምግብ ቤት ሠራተኞች ሳይቀሩ በመስኮት ይሰማሉ።

«በቤተሰብ ጉዳይ» ብሎ ሲያነብ መጀመሪያ የተነሳችው ዳሚራ ናት። ዳሚራ ድምፅዋ ሁለት ክፍል አልፎ የሚሰማ፣ ምላሷ የማያርፍ፣ ሥራ ላይ ግን የማትሰንፍ ሴት ናት።

«እኛስ ከድንጋይ ተፈልፍለን ነው የወጣነው?» አለች። «እኔ መንታ አለኝ፤ አማቴ አልጋ ላይ ናት፤ ላሚቷ ደግሞ በዚህ ሳምንት ትወልዳለች። በላሚቷ ስም ማመልከቻ ላስገባ?»

ሰው ሳቀ። እኔም ማስኬ ውስጥ ሳቅኩ።

ሱዩንቤክ እስኪረጋጉ ጠበቀና፣ «ኡርኩያ፣ ቤተሰብ ሁሉም አለው። ሕመም ካለሽ ሕመም በይ» አላት።

«ሳንባዬ…» አለች፤ ሌላውን ዋጠችው።

የጤና ደብተሯን እንዳመጣለት ነገረኝ። ከቁምሳጥን አውጥቼ ሰጠሁት። ቆሞ ገጽ በገጽ ገለጠው። «ሳንባ፣ ንጹሕ። ሳንባ፣ ንጹሕ። ሳንባ፣ ንጹሕ። አሥራ ስድስት ዓመት፣ አሥራ ስድስት ማኅተም» አለ። ከዚያ ደብተሩን ዘጋው። «ወይ ይሄ ደብተር ይዋሻል፣ ወይ አንቺ ትዋሻለሽ።»

ስለዚህ ደብተር መናገር አለብኝ። ማንኛዋም ነርስ በየዓመቱ ጥር ላይ ቆዳዋን፣ ደሟንና ሳንባዋን ታይታ ደብተሯ ላይ ማኅተም ማስመታት ግዴታዋ ነው። የሳንባ ክሊኒኩ ያለው ከድልድዩ ማዶ ነው። ራጁ የሚሠራው ለግማሽ ቀን ነው፤ ፊልም ያልቃል፤ ሰልፉ በረዶ ላይ ነው። ስለዚህ አንድ ሰው የሠላሳ ሁለታችንን ደብተር በከረጢት ሰብስቦ ይወስዳል። እዚያ መዝገብ ቤት የምትሠራው አሲፓ ኤጄ ወግ እያወጋች ሁሉንም ትመታዋለች። በምላሹ ዘመድ ሲታመምባት ቤቷ ሄደን መርፌ እንወጋላታለን። ይህን ማንም ውሸት አላለውም። የጤና ሰዎች ነን፤ ብንታመም እናውቅ የለም እንዴ?

ለኡርኩያ ያስተማርኳት እኔ ነኝ። የተቀጠረች ዓመት ጥር ላይ ፊቷ አመድ መስሎ መጣችና ለራጅ የሚኬደው መቼ ነው ብላ ጠየቀችኝ። «ደብተርሽን ወዲህ በዪ፤ ለዚህ ብለሽ ቀን ታቃጥያለሽ?» አልኳት። በሁለት እጇ አቀበለችኝ። ያን ያህል ያመሰገነችኝ ለምን እንደሆነ አልገባኝም ነበር፤ ስንፍና መሰለኝ። ከሦስት ዓመት በኋላ ከረጢቱን ለእሷ ሰጠኋት። ጽሑፍዋ ያምራል፤ ቅጹን ሳትሰርዝ ትሞላለች። ከዚያ ወዲህ የሁላችንንም ደብተር ድልድዩን አሻግራ የምታመላልሰው እሷ ሆነች።

ያን ጠዋት ዛፎቹ ሥር ቆማ የምታስበውን አሁን አውቀዋለሁ። ደብተሩ ይዋሻል ብትል የምትጠየቀው አሲፓ ኤጄ ናት፤ ጡረታ ልትወጣ ሁለት ወር ቀርቷታል። የሠላሳ አንድ ባልደረቦቿም ደብተር አለ።

«ደብተሩ ልክ ነው» አለችና ተቀመጠች።

«አያችሁ፣ ከሁላችንም ንጹሑ የእሷ ነው» አለች ዳሚራ። እንደገና ተሳቀ።

ከሰዓት በኋላ መርፌ ክፍል ጠራችኝ። በሩን ከውስጥ ቆለፈችው። ጀርባዋን ሰጥታኝ ጋውኗን ከፍ አደረገች።

ጠባሳው ከግራ ትከሻዋ አጥንት ሥር ይጀምርና በብብቷ ዞሮ ጡቷ ሥር ያልቃል። ሃያ ሰባት ዓመት ቁስል ያሠርኩ ሰው ነኝ። መንሽ የሠራውን፣ ቢላ የሠራውን፣ የፈረስ እርግጫ የሠራውን ለይቼ አውቃለሁ። ይህ የቀዶ ሐኪም እጅ ነው። የክሩ ምልክት እንኳ በእኩል ርቀት ተደርድሯል።

«የት ነው?» አልኳት።

«ቢሽኬክ። አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። የላይኛውን ግማሽ አወጡት።»

«ቲቢ?»

ራሷን በአዎንታ ነቀነቀች፤ ጋውኗን መለሰች።

«ባልሽ ያውቃል?»

«የሣር ማጨጃ ማሽን ላይ ወድቄ ነው ብዬዋለሁ። እናቴ ናት እንደዚያ በዪ ያለችኝ። ቲቢ ከተባለ የሚያገባሽ የለም አለች።» ቀጥላም፣ «ቶሎጎን በተጋባን በዓመቱ የአባቱን ማጨጃ ማሽን ሸጠው» አለች። «እሷን እያየሽ አትሳቀቂ ብሎ ነው። አሥራ ዘጠኝ ዓመት በእጁ እያጨደ ነው።»

ልስቅ ነበር፤ ፊቷን አይቼ ተውኩት።

እናቷ ሞታለች። ከእኔ በቀር አሁን የሚያውቅ ሰው የለም። ሐሙስ ዕለት ነጩን የመከላከያ ቱታ ለብሰን ስንለማመድ፣ ሁለት ማስክ ደርባ ደረጃውን ስትወጣ ዓይኗ ጨልሞባት ነበር። ከንፈሯ ጠቁሮ ስናያት ቁርስ አልበላሁም ብላን ነበር። እኔ ራሴ ብስኩት ሰጥቻታለሁ።

«ሥራውን ፈርቼ አይደለም ኤጄ» አለች። «እዚያ ውስጥ ብወድቅ ተሸክመው የሚያወጡኝ ጓደኞቼ ናቸው። ነገሩ ይሄ ነው።»

እኔ በችግር ጊዜ የሚሠራውን ነገር ማሰብ ይቀለኛል። አስቀድሞ ፊልሙ ይነሳ አልኳት። እሑድ ለበሽተኛ ብቻ የሆነው የራሳችን ራጅ ቀኑን ሙሉ ስለሚሠራ በሽተኛ አስመስዬ በጓሮ በር አስገባኋት። ባለሙያው ስሟን እንኳ አልጠየቀም። ፊልሙን ወደ መብራቱ ይዞ፣ «ይቺ ሴትዮ ደረጃ መውጣት የለባትም» አለኝ። ኡርኩያን ሸሚዟን እየቆለፈች ተውኳትና ፊልሙን በብብቴ ይዤ ወደ ሱዩንቤክ ሄድኩ። ማንም ሳይሰማ እንጨርሰዋለን ብዬ ቃል ገብቼላት ነበር።

ሱዩንቤክ ሦስት ሌሊት አልተኛም። በሩ ላይ ኦክሲጅን የሚጠይቁ ዘመዶች ቆመዋል። ፊልሙን በመስኮቱ ብርሃን አገላብጦ አየው።

«ይሄ ይበቃኛል፤ ቦርዱ ዛሬውኑ ይፈርማል» አለ። «ግን ካሊፓ፣ ትናንት ደብተሩን በሰው ፊት አንብቤዋለሁ። ነገ ስሟን አውጥቼ የሌላ ሰው ስም ስተካ ምክንያቱን እጠየቃለሁ። ደግሞስ ይህን ማኅተም ማን ነው ያስመታው? ማን ነው የጀመረው?»

መልሱ አንድ ቃል ነበር። ለሃያ ሰባት ዓመት ዋና ነርሷ ካሊፓ እንዲህ ናት፣ ካሊፓ ያለችው አይሳሳትም ሲባል ኖሬአለሁ።

«አጣራለሁ» አልኩት።

ወጥቼ ኮሪደሩ ላይ ቆምኩ። ተመልሼ ልግባ አልኩ፤ በሩ ላይ ሰው ነበር፤ ሰው አለ ብዬ ሄድኩ።

ሰኞ ጠዋት ሱዩንቤክ የተራውን ሰንጠረዥ አነበበ። በኡርኩያ ቦታ ዳሚራን ተካ። «ኡርኩያ በቦርድ ውሳኔ ታች ትቀራለች» ብሎ ወደሚቀጥለው ስም ሊያልፍ ሲል ዳሚራ ተነሳች። በዚህ ጊዜ አልቀለደችም።

«እኔ ነኝ የምተካት? ይሁን። ግን መንታ ልጆቼን አሥራ አራት ቀን ትቼ የምገባው ለምን እንደሆነ ልወቅ። ቅዳሜ ሳንባዋ ንጹሕ ነበር።»

እውነቷን ነው። መጠየቅ መብቷ ነው። ሱዩንቤክ ወደ እኔ አየ። እኔ ሰንጠረዡን አየሁ። የዳሚራ ስም ላይ ያለውን የቀለም ነጠብጣብ በጥፍሬ ፋቅሁት።

ኡርኩያ ሳትጠራ ተነሳች። ድምፅዋ ትልቅ አይደለም፤ ግን ያን ቀን ነፋስ አልነበረም።

«ከሃያ ሁለት ዓመት በፊት ቲቢ ነበረብኝ። ታክሜ ድኛለሁ። ግማሽ ሳንባዬ ግን የለም። ደብተሩ ላይ ያለው ውሸት ነው። አሲፓ ኤጄ አላየችኝም፤ ሳልታይ ያስመታሁት እኔ ነኝ። የእናንተንም ደብተር የወሰድኩት እኔ ነኝ። ቅዳሜ ልክ ነው ብዬ ዋሽቻለሁ።»

አልተቀመጠችም። ቅጣት እንደምትጠብቅ ተማሪ ቆማ ቀረች። ሁላችንም ማስክ ስላደረግን የማንም ፊት አይታይም። አጠገቧ ካለው አግዳሚ ላይ አንዷ ቦርሳዋን ወደ ራሷ ስትስብ አየሁ። የምግብ ቤቱ መስኮት ላይ የባሏ እህት ቆማ ነበር፤ ማንኪያ በእጇ እንደያዘች።

አሁን ነው መናገር ያለብኝ ብዬ ለራሴ ነገርኩ። «እኔ ነኝ ያስጀመርኳት» ማለት ብቻ ነው። ሰንጠረዡን ገለበጥኩት። ጀርባው ባዶ ነበር፤ ባዶውን አነበብኩት።

ቀድማ የተናገረችው ዳሚራ ናት።

«ቆይ» አለች። «ግማሽ ሳንባ ይዘሽ ነው ያን ሁሉ ዓመት የውሃ ባልዲ ያሸከምንሽ?» ዳሚራ ወደ ሱዩንቤክ ዞረች። «እገባለሁ። ላሚቷን ግን ከእናንተ አንዳችሁ ታልቧታላችሁ። ደግሞ ረጋጭ ናት፤ ኋላ አልነገረችንም እንዳትሉ።»

ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ሰሌዳው ላይ ሁለት ወረቀት ተለጠፈ። አንዱ የአዲሱ ተራ ነው። ሌላው ለኡርኩያ የተሰጠ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ነው፤ የጤና ምርመራ ሰነድን ያለ ምርመራ በማስመታት ይላል። የአሲፓ ኤጄ ስም የለበትም። የእኔም የለበትም። ማክሰኞ ጠዋት ሱዩንቤክ ጋ ገባሁና የእኔንም ስም ጨምርበት አልኩት። ለምን እንደሆነ ሳልደብቅ ነገርኩት። ቀና ብሎ አላየኝም።

«አንቺን ከቀጣሁ ተራውን ማን ያወጣል?» አለ። «ሂጂ ሥራሽን ሥሪ።»

ስወጣ ትከሻዬ ቀለለኝ። ያ መቅለሉ ከሁሉም በላይ ያሳፍረኛል።

ኡርኩያን መቀበያ ክፍል ስልክ ላይ አስቀመጥናት። ሥራው ቤታቸው ሆነው የሚያስሉትን እየደወሉ መከታተል ነው። ጣት ላይ የሚደረገው መለኪያ ስንት አሳየ? በሆድህ ተኝተሃል? ሽንትህስ? መለኪያ የሌላቸውን በአንድ ትንፋሽ እስከ ሃያ እንዲቆጥሩላት ታደርጋለች፤ ትንፋሹ የተቆረጠበትን ቁጥር ትጽፋለች። ከአሥር በታች ከሆነ መኪና ትልካለች። በዚያ መንገድ ስንቱን እንዳተረፈች አልቆጠርንም፤ ሊቆጠርም አይችልም። እኔ በዚያ ሳልፍ ከወንበሯ ከፍ ብላ «ደህና አደሩ ካሊፓ ኤጄ» ትለኛለች፤ እንደ ድሮው። ብታኮርፈኝ ይሻለኝ ነበር። አንዳንድ ቀን በጓሮ በር መግባት ጀመርኩ።

አሥራ አራቱ ቀን ሲሞላ ዳሚራ ወጣች። ስምንት ኪሎ ቀንሳለች፤ የማስኩ ሰንበር አፍንጫዋ ላይ ቆስሏል። ገና ማደሪያው ውስጥ ሳለች በአጥሩ በኩል ጠራችኝ።

«ኤጄ፣ የኡርኩያን ነገር ሰምተሻል? ቤቷ ውስጥ ስኒዋን ለይተውባታል። ብቻዋን በረንዳ ላይ ነው የምትበላው። አማቷም የሻይ ማንቆርቆሪያውን ከእጇ ወስዳባታለች።»

ማንቆርቆሪያ ከእጇ ተወሰደ ማለት እኛ ጋ ቀላል ነገር አይደለም። በቤቱ ሻይ የምትቀዳው ምራት ናት፤ ለእንግዳም ለቤተሰብም። ያን ከእሷ መውሰድ ከማዕድ ማስነሳት ነው።

«አንቺ ዋና ነርስ ነሽ፤ ሄደሽ ንገሪያቸው» አለችኝ ዳሚራ። «እኔ ብሄድ እሳደባለሁ።»

ቅዳሜ ሄድኩ። መንገዱን ሙሉ የምናገረውን አዘጋጀሁ፦ ከሃያ ሁለት ዓመት በፊት የዳነ ቲቢ አይተላለፍም፤ በስኒ አይተላለፍም፤ በሻይ አይተላለፍም። የኡርኩያ አማት ዙራ አፓ፣ አሮጊት እናትን አፓ ነው የምንለው፣ ግቢው ውስጥ ምንጣፍ ላይ ተቀምጣ ነበር። ሰባ አምስት ዓመቷ ነው። ራቅ ብዬ እንድቀመጥ በእጇ አመለከተችኝ። ኡርኩያ በረንዳው ላይ የስልክ ዝርዝሯን ይዛ ተቀምጣለች፤ አጠገቧ ሰማያዊ አበባ ያለበት ለብቻው የተቀመጠ ጎድጓዳ ስኒ አለ። አየችኝና ተነሳች፤ ተመልሳ ተቀመጠች። ያዘጋጀሁትን ሁሉ ተናገርኩ። ዙራ አፓ እስክጨርስ ሰማችኝ።

«ጨረስሽ?» አለች። «ልጄ በየቀኑ ከቢሽኬክ የኦክሲጅን ሲሊንደር ያመጣል። ከስንት በሽተኛ ዘመድ ጋር እንደሚጨባበጥ እግዜር ያውቃል። እኔ በዚህ ሳምንት ብቻ ሦስት ለቅሶ ደርሻለሁ። እኛ በጠጣንበት ትጠጣ? እኛ በነካነው ማንቆርቆሪያ ትቅዳ? ግማሽ ሳንባ ያላት እሷ ናት ወይስ እኛ?»

ነርስ ሆኜ ወረርሽኙ ከእኛ ወደ እሷ ሊተላለፍ እንደሚችል አላሰብኩም። ሰው ሁሉ ያሰበውን አስቤ ነበር የመጣሁት።

«ለእሷ ነግረዋታል?» አልኩ።

«ምን ብዬ?» ድምፅዋ ዝቅ አለ። «እሷስ ሃያ ዓመት ሙሉ ነግራኛለች? ከእኔ ጋር በልታ፣ ልጆቿን እኔ ጭን ላይ አሳድጋ። ከምግብ ቤት መስኮት ነው የሰማሁት። እኔ እነክሳለሁ እንዴ? እንዲህ ያለች ክፉ አማት ነበርኩ?»

ይህን የምትለው እውነት ይሁን ወይስ እኔ ስመጣ ፊቷን ለማዳን ያመጣችው፣ አላወቅኩም። መጀመሪያ ፈርታ ለይታት ኋላ ምክንያቱን አግኝታለት ሊሆን ይችላል። አልጠየቅኩም። በረንዳው ላይ ያለችው ሰምታለች፤ እስኪርቢቶዋ ወረቀቱ ላይ ቆሟል።

ኡርኩያ ስኒዋን በእጇ ይዛ ሦስት ደረጃ ወረደች። ወዴት እንደምትሄድ ያላወቀች መሰለች።

«ማስክሽን አድርጊ» አለቻት ዙራ አፓ ሳታያት፣ እየተቆጣች። «እዚያ ደረጃው ላይ ተቀመጪ፤ አትጠጊ። ነፋሱ ከወዲያ ነው።»

ኡርኩያ ደረጃው ላይ ተቀመጠች። አራት እርምጃ ያህል ይለየናል። ዙራ አፓ ማንቆርቆሪያውን አንስታ ለእኔ ቀዳች፤ እኛ እንግዳን ለማክበር እንደምናደርገው በግማሽ። ከዚያ ከሁለት ሳምንት በላይ የያዝኩት ወጣ።

«ዙራ አፓ፣ የመጀመሪያውን ደብተር ይዤ የሄድኩት እኔ ነኝ። ያስተማርኳት እኔ ነኝ። ያን ቀን በሰው ፊት አልተናገርኩም።»

አሮጊቷ አየችኝ። አልተቆጣችም፤ ያ ነው የከበደኝ።

«ለእኔ ለምን ትነግሪኛለሽ?» አለች። «እኔ ማኅተም የለኝ፣ ሰሌዳ የለኝ። እዚያ ነበር መናገር የነበረብሽ።»

ወደ ኡርኩያ ዞርኩ። እሷ ግን ስኒዬን ነበር የምታየው።

«ሻይዎ ይቀዘቅዛል ኤጄ» አለች።

ማስኬን ወደ አገጬ አውርጄ ጠጣሁ።